ያልተለቀሰላት

በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ 18 ቀን ዕለተ ስቅለት ነበረና በየአጥቢያችን ከማለዳ አንሥቶ ስንሰግድ ዋልን። በዚያው ዐርብ በአሜሪካ አገር «አቬንጀርስ፥ ኤንድጌም» የተባለው ፊልም በየሲኒማ ቤቱ መታየት ጀመረ። የእነርሱ ፋሲካ በዚያ ዓመት ከእኛ በአንድ ሳምንት ቀድሞ ስለ ዋለ፥ የሁለቱ መገጣጠም ድንገተኛ ነገር እንጂ የማንም ድፍረት አልነበረም። እኔ ነገሩን ያወቅሁት፥ ያን ጊዜ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የነበረው የበኵር ልጄ፥ ማታ ከስግደት መልስ ጉልባን በቀረበበት ገበታ ላይ በለመነን ጊዜ ነው። «እባካችሁ፥ የዚህን ፊልም ፍጻሜ የሰማችሁ ብትኖሩ እስካየው ድረስ አትንገሩኝ» አለ። ባለቤቴ ሣቀች፤ በቤታችን ከእርሱ በቀር የፊልሙን መጀመሪያ እንኳ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና።

እኔ ግን ተቈጣሁ። «በዛሬው ቀን የምታስበው ይህን ነውን?» አልሁት። ልጁ ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሲሰግድ የዋለ ነበር። መልስ ሳይሰጠኝ አቀርቅሮ በላ።

ሲኒማ የምጠላ ሰው ግን አይደለሁም። በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ ዜማ ተምሬአለሁ፤ ዲቁናም ተቀብያለሁ፤ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብቼ እነሆ ከሃያ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ ቆሜአለሁ። የመምህርነት ሥራ ደግሞ ተማሪ የሚወደውን ነገር ጨርሶ ለመናቅ አይፈቅድም። ይሁን እንጂ እነዚህን በአየር የሚበሩና ሕንፃ የሚንዱ ልዕለ ኃያላን የሕፃናት ጨዋታ አድርጌ እቈጥራቸው ነበር፤ ጢም ያበቀለ ሰው ስለ እነርሱ ሲከራከር ብሰማ ሥራ እንዳጣ አስበው ነበር።

ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ልጄ ፊልሙን አይቶ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደ ቤታችን መጣ። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ነበር። ልጆቹ ከአቦል እስከ በረካ ሲከራከሩ፥ እኔ በማዕዘኑ ወንበር ላይ ሆኜ የተማሪ ደብተር የማርም መስዬ አዳምጥ ነበር።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ልንገር። ማርቭል የተባለው ድርጅት ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የታሪክ ሐረግ የተያያዙ ፊልሞችን በተከታታይ ሲያወጣ ኖሯል፤ ይህ ሃያ ሁለተኛው ነው። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2010 ዓ.ም. በታየው ፊልም ታኖስ የሚባለው ጨካኝ ስድስት የኃይል ድንጋዮችን ሰብስቦ ጣቱን ቢያጮኽ፥ ሕይወት ካለው ፍጥረት ሁሉ እኩሌታው ትቢያ ሆኖ ጠፋ። ተመልካቹም በዚህ ዓይነት ፍጻሜ ዓመት ሙሉ ቆየ። በመጨረሻው ፊልም የተረፉት ጀግኖች ወደ ኋላ ዘመን ተጕዘው ድንጋዮቹን ይሰበስባሉ፤ የጠፋውንም ሕዝብ ይመልሳሉ። ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ነው። ከመላው ዓለም ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገብቶለታል። የመጀመሪያውን ፊልም በዐሥር ዓመቱ ያየ ልጅ ይህን ሲያይ የሃያ አንድ ዓመት ጐልማሳ ሆኗል ማለት ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ሲኒማ ቤት የገባው ፊልም ሊያይ ብቻ ሳይሆን የልጅነት ወዳጆቹን ሊሰናበት ነው።

ስንብቱ ግን ሁሉን አላስደሰተም። ቶኒ ስታርክ ስለተባለው ብረት ለባሽ ጀግና እንኳ ክርክር አልነበረም። ይህ ሰው በመጀመሪያው ፊልም የጦር መሣሪያ ነጋዴ፥ ባለጸጋና ትዕቢተኛ ነበር፤ በመጨረሻው ሚስቱንና ትንሽ ሴት ልጁን ትቶ ስለ ሁሉ ይሞታል። ስለ እርሱ አራቱም ልጆች በአንድ ቃል «ተገቢ ነው» አሉ። ቶር ስለሚባለው ነጐድጓድ ወርዋሪ ግን ተለያዩ። ይህኛው በኀዘንና በጸጸት ተሰብሮ፥ እጁን ለመጠጥ ሰጥቶ፥ ሆዱ ተቀብትቶ ይታያል፤ ፊልሙም ያሥቅበታል። አንዱ ልጅ ትዕይንቱን እየደገመ ሲሥቅ ሌላው፥ በመጠጥ የተጎዳ አጎት ያለው፥ «እኔ አልሣቅሁም» አለና ሲኒውን አስቀመጠ።

ካፕቴን አሜሪካ ስለሚባለው ወታደር የተነሣው ጠብ ደግሞ ረዥም ነበር። ድንጋዮቹን ወደየዘመናቸው ሊመልስ ሄዶ፥ በወጣትነቱ ከወደዳት ሴት ጋር እዚያው ኖሮ፥ ሸምግሎ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ ጋሻውንም ለጓደኛው ያስረክባል። «ዕረፍት ይገባዋል» የሚሉ አሉ፤ «ስንት መከራ ከፍሎ ያዳነውን የልጅነት ባልንጀራውን ጥሎ እንዴት ይሄዳል?» የሚሉም አሉ። ከሁሉ የሚያስገርመው፥ ያን ዕድሜውን የኖረው በየትኛው ዘመን እንደሆነ ሲጠየቁ፥ የፊልሙ አዘጋጆች «በሌላ የዘመን ቅርንጫፍ» ሲሉ፥ ድርሰቱን የጻፉት ሁለቱ ሰዎች ግን «በዚሁ በራሱ ዘመን» ማለታቸው ነው። በአንድምታ ትምህርት አጠገብ ያለፈ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በእኛ መምህራን ዘንድ «አንድም» እየተባለ ሁለት ትርጓሜ በአንድ ወንበር ይቀመጣል፤ ልጆቹ ግን የትኛው እንደሚረታ ካልተነገራቸው እንቅልፍ የሚወስዳቸው አይመስልም ነበር።

በረካው ሲቀዳ፥ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ የነበረችው የልጄ ጓደኛ፥ አንዲት ቀጭን ልጅ፥ «ናታሻን ግን ማን አለቀሰላት?» አለች።

ናታሻ ሮማኖፍ የምትባለው፥ በቅጽል ስሟ ጥቁሯ መበለት፥ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ የነበረች የስለላ ሴት ናት። አትበርም፤ ብረት አትለብስም፤ ተራ ሥጋ የለበሰች ሰው ናት። ከድንጋዮቹ አንዱ የሚገኘው የሚወዱትን ሰው ለሞት በመስጠት ብቻ ስለሆነ፥ እርሷና ባልንጀራዋ በገደል አፋፍ ላይ «እኔ ልሙት፥ እኔ ልሙት» እየተባባሉ ይታገላሉ፤ እርሱ ሚስትና ልጆች አሉት፤ እርሷ ቀደመችው። በእርሷ ሞት ድንጋዩ ተገኘ፤ ድንጋዩ ባይገኝ የጠፋው ሕዝብ ባልተመለሰ ነበር። በፊልሙ መጨረሻ ግን የታየው ቀብር የቶኒ ስታርክ ነው። በቤቱ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ የአበባ ጕንጕን ተንሳፈፈ፤ ባለፉት ፊልሞች ሁሉ የነበሩት ሰዎች ጥቁር ለብሰው በተራ ቆሙ፤ ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ ፊልም ብቻ የታየ ልጅ እንኳ አድጎ ከቀብሩ ተገኘ። ለእርሷ የተደረገው፥ የሞቷ ወሬ እንደተሰማ ጓደኞቿ በሐይቅ ዳር ጥቂት ደቂቃ ማዘናቸውና ኋላም በቀብሩ ቦታ ባልንጀራዋ ስለ እርሷ አንድ ሁለት ቃል መናገሩ ብቻ ነው።

ልጆቹ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። እኔም ከወንበሬ ሆኜ፥ «ልጄ፥ ላልተፈጠረች ሴት ፍትሐት የለም» አልሁ። ሁሉም ሣቁ። ልጅቱም ፊቷ ቀላና ሲኒዋን ይዛ አቀረቀረች። ብልህ ነገር የተናገርሁ መስሎኝ ደብተሬን ማረም ቀጠልሁ።

ከዚያ በኋላ እንደ ሰማሁት የዚያች ልጅ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነበረ። በአሜሪካም በሌላውም አገር የፊልሙ ወዳጆች፥ ከሴቶቹም ከወንዶቹም፥ ይህንኑ ደጋግመው አንሥተዋል። ከድርሰቱ ጸሐፊዎች አንዱ የሰጠው ምክንያት፥ ቶኒ ስታርክ በአደባባይ የታወቀ ታላቅ ሰው ሲሆን እርሷ ግን ዘመኗን ሁሉ በስውር የኖረች ስለሆነች፥ ቀብር ማድረግ ከጠባይዋ ጋር አይስማማም የሚል ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ስለ እርሷ ብቻ የተሠራ ፊልም ወጣ፤ ታሪኩ ከመሞቷ በፊት ያለው ዘመን ነው። መቃብሯ የሚታየው የሠራተኞቹ ስም ተጽፎ ካለፈ በኋላ፥ የቸኰለ ተመልካች ከአዳራሹ ከወጣ ወዲያ ነው፤ እኅቷ ብቻዋን መጥታ ትቆማለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ ታላቅ ቀብር የተሸኘው የቶኒ ስታርክ ተዋናይ፥ ሮበርት ዳውኒ፥ የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ ይዞ ወደ እነዚሁ ፊልሞች እንደሚመለስ ተነገረ፤ በዚህም ወዳጆቹ እንደገና ለሁለት ተከፈሉ። ነጋዴ ገበያ ያለውን ዕቃ አይቀብርም፤ ይህ አይገርመኝም።

ባለፈው የገና ሰሞን፥ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ሕፃን የነበረችውና አሁን ዐሥራ ሦስት ዓመት ያለፋት ታናሿ ልጄ፥ ፊልሙን በወንድሟ ኮምፒዩተር ስታይ አገኘኋት። እንዴት እንደሆነ እንጃ፥ አጠገቧ ተቀመጥሁና ሦስቱን ሰዓት ጨረስሁት። ስለ እውነት ለመናገር ጥቂት ቦታ ላይ አንቀላፍቻለሁ፤ ጦርነቱ ረዘመብኝ። ቀብሩ ሲመጣ ግን ነቅቼ ነበር። ልጄ አንድ በአንድ የቆሙትን ሰዎች እያየች፥ «አባዬ፥ የእርሷስ ቀብር የት ነው?» አለችኝ። «ቆይ፥ ይመጣ ይሆናል» አልኋት፤ መልሱን እያወቅሁ። ፊልሙ አለቀ። ልጄም ወደ እኔ ዘወር ብላ ጠበቀች። ለወንድሟ ጓደኛ የተናገርኋት ቀልድ ወደ አፌ መጣች፤ ነገር ግን አልወጣ አለችኝ።

በዚያ ሌሊት አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ።

የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ በጎጃም ከአንድ የድጓ መምህር ዘንድ እማር ነበር። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ከረኀብና ከብርድ ይልቅ ተማሪን የሚያስጨንቀው ውሻ ነው። አኩፋዳችንን አንግተን፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ ስንቆም ስንቶቻችን ተነክሰናል! ከመንደሩ ዳር፥ ወደ ወንዙ በሚያወርደው መንገድ ላይ፥ ልጅ የሌላት አንዲት ባልቴት ነበረች። ድምፃችን ከሩቅ እንደ ተሰማት ውሻዋን አስራ ትጠብቀን ነበር። ሌላው ቤት የደረቀ ቁራሽ ሲሰጠን፥ እርሷ ከምጣድ የወጣ እንጀራ በሽሮ ትሰጠን ነበር። ማንበብ አታውቅም፤ ነገር ግን፥ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ትላለች፤ አንዳችን አንድ ምልክት ያህል ስናዜምላት ዓይኗን ጨፍና ትሰማና «በሉ፥ ሂዱ» ትለን ነበር። «እማማ» እንላታለን፤ ሌላ ስም አልነበራትም፤ ቢኖራትም እኛ አልጠየቅንም።

በሁለተኛው ዓመት፥ በሰሙነ ሕማማት፥ ማክሰኞ ቀን ሞተች። እኛ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከግብረ ሕማማቱና ከስግደቱ ጋር ስለ ነበርን የሰማነው ሐሙስ ዕለት ነው። በዚያ ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን በሆሣዕና እሑድ፥ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞቱት ሁሉ አስቀድማ ጸሎተ ፍትሐት ታደርሳለች። ማን እንደሚሞት አታውቅም፤ ባለጸጋም ይሁን ለማኝ፥ ስሙ የታወቀም ይሁን ያልታወቀ፥ ገና በሕይወት ሳለ ይፈታል። እማማም በዚያ እሑድ ዘንባባ ይዛ ከሴቶቹ ጋር ቆማ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። የራሷ ፍትሐት ሲነበብ ቆማ ሰማች ማለት ነው።

ጐረቤቶቿ ቀበሯት፤ አራት ወይም አምስት ሰዎች ነበሩ አሉ። ፋሲካ ሆነ፤ እኛም በላን፥ ጠጣን፥ ዘመርን።

ዳግም ትንሣኤ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ደግሞ በዚያው ደብር አንድ የታወቁ ባለጸጋ ዐረፉ። እኒህ ሰው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለደብሩም የጣሪያ ቆርቆሮ ሰጥተዋል። ከሦስት አድባራት ካህናት መጡ። የኔታም ተማሪዎቻቸውን ሁሉ አስከትለው ሄዱ፤ እስከ መቃብሩ አፍ ድረስ በዜማ ሸኘናቸው። በአርባቸውም ቀን በሬ ታርዶ ተዝካር ወጣ፤ ያን ያህል ሥጋ በአንድ ቀን በልቼ አላውቅም ነበር። ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ በእማማ ደጅ ያልፋል። ስንሄድም ስንመለስም በዚያ አለፍን። ውሻዋ በበሩ ላይ ተኝቶ ነበር፤ አልታሰረም፤ ቢሆንም አልተነሣብንም። ከመካከላችን አንዱ ድንጋይ አንሥቶ፥ እንደማይነሣ ባየ ጊዜ መልሶ ጣለው። የእርሷ አርባ የዋለው በዚያው ሰሞን፥ ከባለጸጋው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነበረ። ማናችንም አልቈጠርነውም። ሣልስቱን፥ ሰባቱን፥ አርባውን፥ ሰማንያውን በቃላችን የምናውቅ እኛ!

ስለዚህ ጸሐፊው «በስውር የኖረች ናትና» ያለው ምክንያት ለድርሰት ሥራ ያስኬድ ይሆናል፤ የእርሱን ሙያ እኔ አላውቅም። ያችን ምክንያት ግን ከእርሱ በፊት እኔ ተጠቅሜባታለሁ።

በማግሥቱ ለበኵር ልጄ፥ ያች ጓደኛው አሁን የት እንዳለች ጠየቅሁት። ሥራ ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳለች። «ያን ጊዜ የመለስሁላት መልስ ልክ አልነበረም በልልኝ» አልሁት። ምን እንደሆነ አላስታወሰም፤ ሳስታውሰውም በመገረም አየኝ። በሳምንቱ፥ «ነግሬያታለሁ፤ እርሷ አልረሳችውም» አለኝ።

ከዚያም በዚያ ጉባኤ ቤት አብረውኝ ለነበሩት፥ ዛሬ በዚያው ደብር በቅስና ለሚያገለግሉት ባልንጀራዬ ስልክ ደወልሁ። በአንድ ደበሎ ያደርን ነን፤ ነገር ግን ቄስ ናቸውና አንቱ እላቸዋለሁ። የእማማን የክርስትና ስም ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፥ «እኔም አላውቀውም» አሉኝ፤ ቀጥለውም፥ «በሆሣዕና ተፈትቶላት የለምን?» አሉ።

«ለእርሷስ ተፈትቶላታል» አልሁ። «እንጀራዋን የበላነው ግን እኛ ነን።»

ከጐረቤቶቿ ሁለት አሮጊቶች በሕይወት እንዳሉ ነግረውኝ፥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊጠይቁልኝ ተስማማን። በዚያ እሑድ ስልኩ አልተደወለም። ታናሿ ልጄ ማታ ማታ፥ «ደወሉ?» እያለች ትጠይቀኝ ጀመር። በሁለተኛው እሑድ ደወሉ። አሮጊቶቹ ቤቷንም፥ ውሻዋንም፥ ተማሪ መውደዷንም ያስታውሳሉ፤ በክርስትና ስሟ ግን አልተስማሙም፤ አንዷ አንድ ስም፥ ሁለተኛዋ ሌላ ስም ተናገሩ፤ ሁለቱም ምለው አጸኑ። እኔም ሁለቱን ስሞች በአንድ ወረቀት ጽፌ ወደ አጥቢያችን ቄስ ዘንድ ወሰድሁ።

ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፥ «እኒህ ሁለት ነፍሳት ምኖችህ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አንዲት ናት፥ አባቴ» አልኋቸው። «ሁለቱም ይጠራልኝ።»